ካፊያ ዝናብ አይደለም

ሃሪስ ደሴት ላይ ነን። ባሕሩ በግራ፣ የበግ አጥር በቀኝ፤
ባሌ ቶርኪል መኪናው ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ፣
«ኢሽበል፣ ያን ቀዩን የጥፍር ቀለምሽን አቀብይኝ» አለኝ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር
ከጌጤ ሣጥን አንዲት ነገር ለምኖኝ አያውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
ከአልጋችን በላይ የአየር መውጫ አለ፣ ክዳኑ በሞተር የሚከፈት፣
ጫፉ ላይ ቴምብር የምታህል ሰሌዳ፣ የመዳብ ክር የተሰመረባት፤
ሁለት ማበጠሪያ ጥርስ በጥርስ ገብተው፣ ሳይነካኩ እንዳደሩ፣
ጠብታ ድልድይ ሲሆንላቸው ብቻ ወሬ የሚቀያየሩ።
ያኔ ሞተሩ ይባንናል፣ ክዳኑ ይደፋል፤
ውስጥ ያለ ሰው የገዛ ትንፋሹን መልሶ ይምጋል።

እዚህ አገር ግን ሰማዩ ልኩን አያውቅም።
ጉሙ ከኮረብታ ወርዶ መስታወቱን ይልሳል፣
ጠሉ ሳይዘንብ ያረጥባል፣
ካፊያው ሦስት ቀን ሙሉ ልውደቅ አልውደቅ ይላል፣
ወጨፎው እንደ አበዳሪ፣ ሳያንኳኳ በጎን ይገባል።
ሰሌዳዋ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ አላት፤
ትዘጋለች፣ የባሕር ወፍ እንኳ ብታስነጥስባት።

እኔ ደግሞ ደረቴ ደካማ ነው።
ሞተሩ ሲያጉረመርም እሰማለሁ፣ ክዳኑ ቀጭ ሲል፣ ጨለማው ሲወፍር፤
እንደ ዓሣ አፌን ከፍቼ እነቃለሁ፣
በዳበሳ ማብሪያውን እጫናለሁ፤
ይከፈታል። ጠል ይነካታል። ይዘጋል።
አንድ ሌሊት አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬአለሁ።

ቶርኪል የመርከብ መካኒክ ነበር፤ ክፍት ክዳን ሲያይ
ውኃ እግሩ ሥር የደረሰ ይመስለዋል፣ በደረቅ መሬት ላይ።
«ከመርጠብ መዝጋት» ይለኛል።
«መታፈንስ?» እለዋለሁ።
በዚህ ተኳርፈን ከስቶርኖዌይ እስከ ታርበርት
መጥረጊያው ብቻ ሲያወራ ነዳን፣ ወዲያና ወዲህ በመስታወት።

ትናንት ሌሊት ግን ነቅቶ ኖሯል፤
የትንፋሼን ፉጨት ሰምቷል።
ምንም አላለም። ሲነጋ መሰላሉን አወጣ።

አሁን ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ አጎንብሶ፣
የመዳቡን ጥርሶች ይቀባል፣ አንዱን እየዘለለ፣ ወደ አንዱ ተመልሶ።
«በትንሽ በትልቁ እንዳትጮህ ነው» አለ፤
ቆይቶም፣ ለእኔ ይሁን ለሰሌዳዋ እንጃ፣
«ካፊያ ዝናብ አይደለም» አለ።

የመጀመሪያው ሌሊት አበዛው፤
ዶፉ ወረደ፣ ሰሌዳዋ ግን ዝም፣ ክዳኑ አፉን እንደከፈተ፤
ትራሳችን ራሰ፣ ካልሲው ዋኘ፣ የዳቦው ከረጢት ውኃ ሞላው።
እስክስል ሳቅሁ። እርሱ አልሳቀም።
በንጋታው ሦስት ጥርስ በምላጭ ፋቀ፣
ሌላ አንድ ሊፍቅ ብሎ፣ ወደ እኔ አይቶ፣ ተወው።

ሁለተኛው ሌሊት ካፊያ መጣ።
ዓይኔን ጨፍኜ፣ የተኛሁ መስዬ፣ በሽፋሽፍቴ ሥር አየዋለሁ፤
አንድ ጠብታ በራው ላይ አረፈ፤ ጠብ።
እጁ ከብርድ ልብሱ ወጣ፣
ወደ ማብሪያው ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ አየር ላይ ቀረ፤
ተመልሶ ደረቱ ላይ ተኛ።
ሌላ ጠብታ። ሌላ። እስከ ሰባት ቆጠርሁ፤
በየአንዳንዱ መሐል የባሕሩ ሽታ እየገባ፣ ሳንባዬ እየሰፋ።
ዶፉ መቼ እንደመጣ አላውቅም፣
ክዳኑ መቼ እንደተዘጋም፣
ዕንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ነዳጅ ስንቀዳ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ቀይ አውራ ጣቱን አየች፤
«ምነው?» አለችው፣ ከንፈሯን ነክሳ።
«ለዝናብ ነው» አላት፣ ሒሳቡን እየቆጠረ።
መኪና ውስጥ ማስለቀቂያውን በጥጥ አድርጌ ሰጠሁት፤
ጣቱን ገልብጦ አየው፣
መሪውን ያዘና
«ይቆይ» አለ።