ከብርድ ወደ ብርድ

የዕቁባችን ዕጣ ለትርንጎ ወጣ፣
በኅዳር አጋማሽ፣ ውርጭ ደጅ ሲመጣ።
"ሦስት ቀን እንሂድ" አለች፣ "ሁለታችን ብቻ፣
አንተም ጡረታ ነህ፣ የለብህ ዘመቻ።"

ጎረቤት ሰማና ሳቀብን በአጥር፦
"ሰው ሶደሬ ይወርዳል፣ ሙቅ ውሃ ሊነከር፤
ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ ከብርድ አገር፣
ወደ ባሰ ብርድ? ምን ይሉታል ይሄን ነገር?"

እሷ ግን አንድ ማታ በቴሌቪዥን አይታ፣
ሰዎች ጫማቸው ላይ ሁለት ጣውላ አስረው፣
ነጭ ተራራ ሲወርዱ፣ እንደ ጭልፊት ተንሳፈው፣
ሌሊቱን አልተኛችም፤ ጎኔን እየነካች፣
"እዚህስ የት ነው ምድሩ የሚነጣው?" እያለች።

ሃያ ሰባት ዓመት ፋብሪካ ብርድ ልብስ ስሸምን፣
የማላውቀውን ሰው ብርድ ስሸፍን፣
ብርድን ለመዝናኛ ማን ይከፍልበታል ብዬ
ዝም አልኩ ትንሽ። ኋላ ግን እርሳሴን ስዬ፣
በመብራት ደረሰኝ ጀርባ መሐል ላይ አሰመርኩ፣
አንኮበርን በግራ፣ ጓሳን በቀኝ ጻፍኩ።

በግራ፦ አራት ክፍል፣ አፋፍ ላይ የቆመ፣
ከታች የአፋር ሜዳ፣ በሙቀት የደከመ፤
የፀሐይ ሙቅ ውሃ አለ፣ ፀሐይ ካለች።
ደረጃው ግን ብዙ ነው። ትርንጎ "ጉልበቴ" አለች።

በቀኝ፦ ስድስት አልጋ፣ አንድ የብረት ምድጃ፣
ሜዳ ላይ ነው፣ የለውም ደረጃ፤
ጭላዳ መስኮት ሥር፣ ቀይ ቀበሮ በሩቅ፣
ውሃ በጀሪካን፣ ከቤት የሚሄድ ስንቅ።

ልዩነቱ በብር አንድ ዶሮ አይገዛም፤
ሳምንት ተሟገትን፤ ለኛ ግን አልበዛም።
እኔ ስል ትከሻዬ፣ እሷ ስትል ጉልበቴ፣
ጠርዙ ተበላ የደረሰኝ ወረቀቴ።

በመጨረሻ ስልክ መታን።
የአንኮበሩ ሰው፣ ድምፁ እንደ ቅቤ ለስላሳ፣
"ሁሉም አለ፣ የሌለ የለም፤ ገንዘብ ብቻ አትርሳ።"
"ውርጭስ ይኖራል?" ብትል፣ "ካዘዛችሁ" አላት፣
ስልኩን አየችው፣ እኔን አየች፣ ሳቅ ቀደማት።

የጓሳው ጠባቂ ደምሰው፣ ነፋስ ቃሉን እየነጠቀው፣
"ብርድ ልብስ አለ፤ ምድጃው ግን ያጨሳል፣ እወቀው።
ውርጭ? እሱ የእግዜር ነው፤ አንዳንድ ሌሊት ይመጣል፣
ሌላ ሌሊት ይቀራል፤ እኔን ማን ያማክረኛል?"
ስልኩ ተቋረጠ።
ትርንጎ ደረሰኙን አጣጥፋ ኪሴ ከተተች፣
"እንዲህ የሚናገር ሰው ቤት ነው የማድር" አለች።

መሐል ሜዳ ስንደርስ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ነበር።
በመጀመሪያው ሌሊት ደመና፤ ምድሩ ጥቁር።
በሁለተኛው ነፋስ፤ ምድጃው፣ ደምሰው እንዳለው፣
እንደ ሽማግሌ ሳለ፤ ዓይናችንን አቃጠለው።
"አንኮበር ቢሆን..." ልል ነበር፤ ከንፈሬን ነከስኩ፣
ሙቅ ውሃውን በሐሳቤ ትከሻዬ ላይ አፈሰስኩ።

በሦስተኛው ንጋት በሩን ስትከፍተው፣
ሰማዩ ጠርቶ አድሯል፣ ሜዳው ነጭ ነው።
የጓሳው ሣር ጫፍ ጫፉን ሸብቶ፤
ጭላዶች ገና ከገደሉ አልወጡም።

ጣውላ የለን። ብርድ ልብሱን ከአልጋው ገፍፋ ወጣች፣
ቁልቁለቱ አፍ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።
ያኔ ነው ጠርዙን ያየሁት፦ ቀዩ ክር ሁለቴ የዘለለ፣
ሦስተኛው ማሽን፣ የኔው፣ ጥርሱ ላልቶ ሳለ
የሠራው። አልነገርኳትም።

"ግፋኝ" አለች። ገፋኋት።
ሦስት ክንድ ሄደች፣ ምናልባት አራት፣
ሣሩ ያዛት።
እዚያው ቀረች፣ እግሯን ዘርግታ፣
ትንፋሿ እየጨሰ፣ በሳቅ ተንፈቅፍቃ።

ደምሰው ከደጅ ጮኸ፦ "እመቤቴ፣ ብርድ ልብሱ ተቆጥሯል!"
"ቁጠረዋ!" አለችው፣ "አንዱ እዚህ ወርዷል!"

ደረሰኙ እስካሁን ኮቴ ኪስ ውስጥ አለ።
ትከሻዬን ሲያመኝ አልፎ አልፎ አወጣዋለሁ፤
በግራ በኩል "ሙቅ ውሃ" የሚለውን
አንብቤ እመልሰዋለሁ።