አምስት ጎራሽ

ሱቄ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከእህል ጎተራው ጥግ ነው፤
ገዢ ሲገባ፣ ዝጎ የኖረው ደወሌ ነው የሚያስለው።
ኔብራስካ ነው አገሩ፣ ጊዜው ጥቅምት አጋማሽ፣
ቬርሊን ስታኪ መጣች፣ በቀኝ ኪሷ አምስት ጎራሽ፣
በግራ ኪሷ ሌላ፣ ስስ ባለ ካዝና፣ ሰባት ጎራሽ፤
እንደ ተጫነች በቅሎ ሚዛኗን ጠብቃ
መስታወቱ ላይ ዘረገፈቻቸው፣ ፈገግ ብላ ተጨንቃ።

"ይሄ የዊልበር ነው፣ የባሌ፤ ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈው።
ያኛውን የልጄ ባል ሰጠኝ፤ 'የአሮጌ ዘመን ነው፣ ጣይው'
አለኝ። አንተ ታውቃለህ፣ ሎዌል፣ የትኛውን ልያዘው?"

ለእኔ መቼም ሠላሳ ዓመት ያኘክሁት ነው ይሄ ነገር፤
ባሩድ የምመዝንበትን ሚዛን አውጥቼ ጀመርኩ መናገር።
"ቀጭኗ በቀሚስሽ ኪስ እንደ ቦርሳ ትጋደማለች፣
ጀርባዋ ጠፍጣፋ፣ ስትቀመጪ አትጎረብጥሽም፣ ቀላል ነች፣
ሁለት ጥይት ትርፍ ይዛ፣ ካዝና ቢቀየርላት ደግማ ትጎርሳለች።
ግን ለማቀባበል ጉልበት ትሻለች፤ ሽቦዋ እልኸኛ ነው፤
መዳፍሽ ከላላባትም ቀለሃዋ ጉሮሮዋን ነው የሚያንቀው።

ይቺኛዋ ድንቡሽቡሽ ናት፣ ሆዷ ጎንሽን ይገፋል፤
ምላጯም ረጅምና ከባድ፣ ደጋግመሽ ስትስቢው ጣት ያዝላል፤
አፈሙዟ አጭር ነውና ራቅ ያለውን ትስታለች፣
ስትተኮስም እጅሽን እንደ በቅሎ ትራገጣለች።
ግን አታቀባብያትም፣ አትለምኛትም፤ ሳቢያት ብቻ፣ ትናገራለች።"

ቀጭኗን አነሳች። የጣቷ አንጓ እንደ ዝንጅብል አብጧል።
ጎተተች፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ደገመች። አሁንም እንቢ ብሏል።
"ይሄ ጣት" አለች "አርባ ዓመት ሙሉ ላም ያለበ፣
ለአንዲት ሽቦ እጁን ሰጠ፣ ተከበበ!"

የዊልበርን ከፈትኩት። ከአምስቱ ቤት አራቱ ሞልተዋል፣
አንዱ ግን ባዶ ቀለሃ ነው፤ አረንጓዴ ዝገት ወርሶታል፣
መርፌው የወጋው ጠባሳም ቂጡ ላይ ይታያል።
"ማንን ተኮሰ?" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
መርዶ ልሰማ ነው ብዬ መነጽሬን በሸሚዜ ጠርጌ።

"ማቀዝቀዣውን!" አለችና ሳቀች፣ ዓይኗ እስኪያነባ፤
"በተጋባን በዓመቱ፣ ሌሊት፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም፣ ሌባ
የመጣ መስሎት በሙታንታው ሮጦ ወጥ ቤት ገባ።
አንዴ ጮኸች። ወተቱ ተንዠቀዠቀ ወለሉ ላይ።
'እጅ ወደ ላይ!' ይላል ዊልበር፤ ማቀዝቀዣ እጅ አለው እንዴ? እስቲ እይ!
ቀዳዳው ዛሬም በሩ ላይ አለ፤ ቀን መቁጠሪያ ሰቅለንበታል፤
በየዓመቱ ስንቀይር ዊልበር ጣቱን ይከትበታል፤
'ሌባው አላመለጠም' ይላል።
ይል ነበር።
አሁን እኔ እቀይራለሁ። ጣቴ ግን አብጦ፣ ከአፉ ላይ ይቀራል።"

ሚዛኑን አጠፋሁት። ለዚህ ቁጥር የለውም።
"ለልጄ ባል ንገረው" አለች፣ "ስጦታውን አልናቅሁም፤
ግን ሌባ ቢመጣ፣ 'እባክህ አቀባብልልኝ' ልለው አልችልም!"
ቀለሃውን ላወጣ ስል እጄን መታ አደረገችኝ፤
"ተወው" አለች፣ "ቦታው ነው። አራት ይበቃኛል ለእኔ።"
ደወሉ ሳለ። ሄደች፣ ከአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ።

ማታ ሱቁን ዘግቼ ፎቅ ወዳለው ክፍሌ ወጣሁ፤
አሥራ አንዱንም ፎጣ ላይ ደርድሬ ዘይት ቀባሁ፤
ይቺ ለበጋ፣ ለስስ ሸሚዝ፤ ይቺ ለክረምት ካፖርት፤
ይቺ ለቁርጭምጭሚት፤ ይቺን ለምን እንደገዛሁ እንጃ፣ ምናልባት ለውበት።
ግድግዳዬን አየሁት፤ ንጹሕ ነው፣ አንድ ቀዳዳ የለውም፤
ማቀዝቀዣዬ ሌሊቱን ያጉረመርማል፣ "ማነው?" የሚለው የለም።

እንደ ሁልጊዜው አንዷን አቀባብዬ ከትራሴ ሥር አኖርኩ፤
ሠላሳ ዓመት ለካ አቀባበል ሳሰናዳ ነው የኖርኩ፤
የጠራሁት እንግዳ የለም።