ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡ ቀስት

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ፣
ቦታው ሁለት ፀሐይ የሚወጣበት አምባ።
ካሴቱ ከመታየት ብዛት ነትቧል፣
የጀግናው ፊት በጭረት ተሸብቧል።

ቀን ቀን ሊፍት እጠግናለሁ፤ ማታ ይህ ነው ሥራዬ።
(ራይሳ «ከእኔ ይልቅ ለምላጭ ታፈጣለህ» ብላ ነው የሄደች፣
ኩርፊያዋን ሻንጣዋ ውስጥ አጣጥፋ።)
ማን ነገሠ፣ ማን ሞተ አልልም፤
የከዋክብቱ ጣጣ ዕዳዬ አይደለም።
ምስሉን ቀጥ አደርጋለሁ፤
እርሳሴን ቀርጬ፣ ዓይኔን አጠብባለሁ፤
በወታደሩ መዳፍ ያለውን እጽፋለሁ።

ይህቺ በብር ቀለም ተነክራ የወጣች፣
የአቧራ መምጠጫ ቱቦ አፈሙዟ ላይ ያጠለቀች፣
«የጨረር መድፍ» ተብላ የተጠራች፣
ፔፔሻ ነች።
ክቡን ካዝናዋን በድስት ክዳን ቢከድኗት፣
ቀዳዳ ቀዳዳው የብረት እጅጌዋ አሳበቀባት።

ያ ንጉሡ መቀነት ውስጥ የተሻጠው፣
በጠርሙስ ስባሪ ያጌጠው፣
ናጋን ነው፤ ሰባት ጎራሽ ሽጉጥ፣
ሰማይ ቢያቋርጥም አመሉን የማይለውጥ።

መርከቡን እንደ አዲስ አለሙት፣ ምሳቸውንም በክኒን፤
ጠመንጃ ላይ ሲደርሱ ግን
ሕልማቸው ቁልፍ ለምኖ ገባ የጦር መጋዘን።

ሦስተኛዋ ነች ያቃተችኝ።
ከበር የቆመ ዘብ አንግቷታል፤ ሐምራዊ ተቀብታ፣
ሰደፏ በመጋዝ ተቆርጦ፣ ጫፏ አንቴና አብቅሎ።
ሁለት ክረምት ሙሉ ከስሟ ቦታ
የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል፣
እንደ መንጠቆ ተንጠልጥሎ በዝምታ።

ውጪ ኢዤቭስክ በረዶ ለብሳለች፣
ኩሬው ላይ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ፋኖስ ትታያለች።
ፋይና ፕሮሆሮቭና ከአራተኛ ፎቅ ወርዳለች፤
ቴሌቪዥኗ ከተቃጠለ ወዲህ እኔ ዘንድ ታመሻለች፣
በጨው የከረመ ኪያር በሳህን ይዛ፣
ሰማንያ ምናምን ዓመቷ ሻርፗ ውስጥ ተጠቅልሎ።

«አቁም» አለች።
ኪያሯን አስቀመጠች።
«ሲያቀባብል ያለውን ድምፅ፣ እስቲ መልሰህ አሰማኝ።»

መለስኩት። ቀጭ — ቋ።
አሁንም መለስኩት። ቀጭ — ቋ።

«የእኛ ነች» አለች። «ሞሲን። የአርባ ሁለት ክረምት።
ቀለሙን ተወው፤ መዝጊያው ላይ ያለውን ትልም እየው፣
ማረሻ የሄደበት ይመስላል፤ ለመወልወል ማን ጊዜ ሰጠን?
የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣
ማሽኑ ጋ አልደርስ ብዬ የጥይት ሳጥን ላይ ቆምኩ።
አለቃዬ ኒቆዲም፣ ያ አንድ ዓይናው፣ ምን ይለኝ ነበር መሰለህ?
‹መዝጊያ ሲዘጋ፣ ሕፃን እንደተኛበት ቤት በር ይሁን፤
ጠበቅ ብሎ፣ ሳይጮህ።›
ቀን ከሌት ሞረድን፤
ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡ ቀስት አተምን፤
ባቡሩ እየጫነ ወሰደ።
ከዚያ ሁሉ መሐል አንዷ እንኳ
የት እንደ ደረሰች ደብዳቤ አልጻፈችልኝም።»

ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ብርሃኑ በጥፍሯ በኩል ቀላ።
«ይኸው አንዷ። ሩቅ ሄዳ ኖሯል።»

ቆይታ፣ ፊቷን ሳታዞር፦
«ኤፊም፣ ሰው ትገድላለች?»

ፊልሙን በቃሌ አውቀዋለሁ።
ዘቡ አሥራ አንድ ጊዜ ይታያል፤
አንዴ ያቀባብላል፣ አንዴ ያዛጋል፣
ንጉሡ ሲገደል በሩ ሥር ቆሞ ያያል።
«አትተኩስም» አልኳት። «እስከ መጨረሻው አትተኩስም።»

«ጎሽ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለእሷ፤
ወደ ኪያሩ ተመለሰ ጥርሷ።

መንጠቆውን በላጲስ አጠፋሁ፤
«ሞሲን፣ ኢዤቭስክ፣ አርባ ሁለት» ብዬ ጻፍሁ።
«የተኮሰችው ጥይት» ከሚለው ዓምድ ስደርስ
እርሳሴ አየር ላይ ብዙ ቆየ።
በመጨረሻ፣ በትንሹ፦
በዚህ ሰማይ ሥር፣ የለም።