ድንበር ላይ

«ድንበር ላይ ነዎት» አለችኝ፣ ወረቀቱን አይታ፣
ሲስተር ኢፍቱ፣ የልጄ እኩያ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ላፍታ።
«ስኳሩ ገና አልገባም፤ ግን ደጅዎ ቆሟል» አለች፤
እሷ ድንበርን መቼ ታውቃለች?
እኔ ግን አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ቆሜበታለሁ፣
በኮዳ ውሃ፣ በደረቅ ኮቾሮ፣ ዘብ አድሬበታለሁ።
ድንበር መስመር አይደለም፤ ድንበር ሌሊት ነው፣
ቅጠል ሲንኮሻኮሽ «ማነህ?» የምትለው።

ስለዚህ ጠየቅኋት፣ እንደ ወታደር፣ ባጭሩ፦
«ጠላት በየት ይመጣል? ስንት ነው ቁጥሩ?»
ሳቀች። ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ለስላሳ፣ ጣቷን እያጠፈች፣
«ሻይ ላይስ ስንት ማንኪያ?»
«አራት።»
ዝም አለች።

ምሽግ ውስጥ አንድ ጣሳ ስኳር ነበረን ለሠላሳ ሰው፣
በኮዳ ክዳን እየለካ ማንደፍሮ የሚያድለው።
ለራሱ ክዳኑን ይልስና፣ «ከዚህ ከወጣን» ይል ነበር፣
«ሻያችን ከማር ይጣፍጥ! ይሄ ይሁን የኛ ክብር።»
ወጣን። እሱም ወጣ፣ ፈንጂ በተዘራበት ሜዳ፣
እግሩን እንደ ድመት እያነሳ፣ አንድ ጭረት ሳይነካው፣ ሳይጎዳ።
ጅማ ገብተን፣ እሱ መርካቶ ሱቅ፣ እኔ ቦዬ ማዶ እርሻ፣
መሐላችንን ጠበቅን፣ ከጠዋት እስከ ማምሻ፦
አራት ማንኪያ፣ በላዩ ጮርናቄ፣ በላዩ ነጭ ዳቦ፤
የረሃባችን ካሳ ነበር፣ እንደ ውዝፍ ደመወዝ ታስቦ።

አምና በክረምት፣ ሆስፒታሉ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣
ተኝቶ አገኘሁት፤ ብርድ ልብሱ ከጉልበት በታች አንድ ወገን ባዶ ነበር።
ፈንጂ ያላገኘውን እግር ስኳር አገኘው።
«ከፊት ስንጠብቀው» አለኝ፣ «በማንኪያ ነው የገባው።»

ይሄን ለኢፍቱ አልነገርኳትም። ብቻ ቆሜ፣ ተረከዜን አጋጥሜ፣
«ትእዛዙን ስጪኝ» አልኳት፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ፣ ከነሕመሜ።

አሁን ሳህኔ ላይ ጎመኑ ጫካ ነው፣ አይቡ ጭጋግ፣
የጓሮ አቮካዶ፣ ሁለት እንቁላል፣ ቅዳሜ የጊቤ ዓሣ፣ እንደ ማዕረግ።
እንጀራም አልተባረረም፤ ግማሽ ሆኖ ከዳር ቁጭ ይላል፣
እንደ ተማረከ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይታያል።

ቀንስ ይታለፋል። ጭንቁ ሰርግ ቤት ነው፣
ጉርሻ እንደ መትረየስ ከግራ ከቀኝ ሲያስጎነብሰው።
«በሞቴ!» ትላለች ራውዳ፣ የሙሽራው አክስት፣ ጉርሻዋ ልክ እንደ ጡጫ፤
«በሞትሽ አይደለም፣ እህቴ» እላታለሁ፤ «በኔ ነው፣ በኔ ብቻ።»
«ጡረታው አልበቃው አለ» ይላል ሰፈሩ፤ «ከሳ፣ ጠወለገ»።
ይበል። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ አፈገፈገ።

ሌሊቱ ግን... ዘጠኝ ሰዓት፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
ጓዳ በር ላይ እነቃለሁ፣ እጄ እጀታው ላይ፣ እንደ ሌባ፣ እንደ ዘብ።
ዘይኔ ለልጅ ልጆች የደበቀችው ብስኩት አለ፤ የት እንዳለ አውቃለሁ፤
«ማነህ?» እላለሁ በሹክሹክታ። «ናስር ነኝ» ብዬ እመልሳለሁ።
«የይለፍ ቃል?»
ዝም።
ተመልሼ እተኛለሁ።

በሦስተኛው ወር ኢፍቱ ወረቀቱን አየች። «ትንሽ ወደ ኋላ» አለች፣
«ገና ድንበር ላይ ነዎት፤ ግን...» እጇን ወደኛ ወገን አመለከተች።
አልጨፈርኩም። ድንበር ድል አይደረግም፤ ድንበር ይጠበቃል፣
ፈረቃው አያልቅም፣ ተረካቢም የለው፤ ይሄን ወታደር ያውቃል።

ከዚያ በባጃጅ ወደ ማንደፍሮ፣ ሁለት አቮካዶ በፌስታል።
ልጁ ሻይ አቀረበች። የስኳሩን ዕቃ አየሁት፤ እሱም አይቶታል።
ክዳኑን ገጠመው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ መቃብር።
አንድ ጉንጭ ጠጣ፤ ፊቱ ተጨማደደ።
«ናስር» አለ፣ «ይሄ እኮ ያ የምሽጉ ሻይ ነው፣
ጣሳው ያለቀ ዕለት የጠጣነው።»
ክራንቹ ግድግዳው ላይ እስኪንሸራተት ሳቀ።
መራራ ነበር። ጨረስነው።