አንድ ጎደለ

ሮዛሪዮ ከተማ፣ ከፓራና ወንዝ ዳር፣
ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ፣ ካረጀው ሊፍት በር፤
ጠረጴዛዬ ላይ ያው መጽሐፉ አለ፣
ጀርባው በፕላስተር የተጠቀለለ፤
የሰው ልጅ ጭንቀቱን፣ ፍርሃቱን፣ እብደቱን፣
በየቁጥሩ አጥሮ ያበጀለት ቤቱን።

በድሮው እትም ላይ ሕመም የነበረ፣
በአዲሱ ጠፍቶ ጤና ሆኖ አደረ፤
ጤና የነበረም፣ በስብሰባ መሐል
እጅ ወጣለትና «ሕመም ነህ» ተብሏል።

አልንቀውም እኔ፤ ያለ እሱ የኖርን ለት
አንዱን በሽተኛ ሦስት ሐኪም አይቶት
ሦስት ስም ተሸክሞ ገብቶ ያውቃል ከቤት።
ግሪሰልዳም አለች፣ የጋራዥ ጸሐፊ፤
«ሰነፍ» ሲሏት ኖራ፣ «ቀልበ ቢስ»፣ «አኩራፊ»፣
ገጹን ሳነብላት አለቀሰች ደስ ብሏት፦
«ለካ ስም አለው!» አለች።
ስሙ አዳናት? አላውቅም፤ ግን እንቅልፍ ሰጣት።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኤቫሪስቶ ገባ፣
በልኩ የነበረው ኮቱ ሆኖት ካባ፤
ፒያኖ ቃኚ ነው፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት፣
ሰው ያልሰማት ስሕተት ለጆሮው ናት እሳት።
ወንድሙ ሲሪሎ ከሰጠመ ወዲህ
ሰባት ወር አለፈ፤ የሚኖረው እንዲህ፦
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከፒያኖው ቀርቦ
አንዲቷን ክር ብቻ ያጠብቃታል ስቦ፤
መልሶ ያላላታል።
ይነጋል።

«ይተኛሉ?» «አይ።» «ይበላሉ?» «ጥቂት።»
«ደስታስ?» «ከየት መጥታ!» «ሞትንስ መመኘት?»
ዝም አለ። ወንዙን አየ። «እሱስ የለም» አለኝ፣
«ወንዙ አንድ ወስዷል፤ እኔን አይከጅለኝ።»

ከዘጠኙ መሐል አምስቱ ይሙላ ይላል፤
እኔ ዘንድ አራት ነው፣ አንዱ ይጎድላል።
ቁጥር ከሌለ ደግሞ ኢንሹራንስ አይከፍልም፣
ሳጥኗ ባዶ ከሆነች ሕክምናውም የለም።

«ስንት ጎደለኝ?» አለ፣ ቀስ ብሎ ቀና።
«አንድ» አልኩት። ሳቀ፤ በሰባት ወር ገና
የመጀመሪያው ሳቅ። «ታዲያ ልሙላልሽ፣
የትኛውን ልታመም? ምረጪ ደስ ያለሽ።»

ከኪሱ አወጣ የመቃኛ ሹካ፣
ጉልበቱ ላይ መትቶ ከጠረጴዛው ነካ፤
እንጨቱ ዘመረ፣ መጽሐፉም ጭምር።
«ይቺ ናት ዳኛዬ፤ ያለ እሷ አልጀምር።
ግን እያንዳንዱን ክር ንጹሕ ላድርግ ያልሁ ለት
ዙሪያው አልገጥም ይላል፣ መጨረሻው ጩኸት።
ስለዚህ ሁሉንም ትንሽ አሳስታለሁ፣
ያቺን አንድ ጉድለት ለሁሉ አድላለሁ።»

ስም ማለት ሰም ነበር፤ ይቀልጣል ሲሞቀው፤
ውስጡ የፈሰሰውን ወርቁን ማን ጠየቀው?

አምስተኛዋን ሳጥን፣ በእርሳስ፣ ቀለል አድርጌ
ምልክት አኖርኩባት፤ ይቅር ይበለኝ ሕጌ።
«ሐሙስ ይመለሱ» አልኩት። «ሐሙስ» አለ።

ሊፍቱ እየተንቋቋ መጣ። ሊገባ ሲል
«ይኼ ሊፍት» አለኝ፣ «ከ‹ላ› ዝቅ ብሏል፣
በሩብ።» በሩ ተዘጋ።

አሥራ አምስት ዓመት ተሳፍሬበታለሁ።
ሰምቼው አላውቅም።
ያን ዕለት ማታ ግን፣ መጽሐፉ ተከድኖ፣
መጣልኝ ከግድግዳው ማዶ፦
ረጅም፣ ወረድ ያለ፣ አንድ ድምፅ፣ ለብቻው ሆኖ።
በየትኛው ገጽ እንደምፈልገው አላውቅም።