የሚከፈል ወንዝ

ሦስት ወር ሙሉ ከተማ ስሠራ ከረምኩ፤
ግንቧን በእርሳስ ጀምሬ በቀለም ጨረስኩ።
ሰባት በር፣ የጨው ግብር፣ የሌሊት ገበያ፣
ንጉሥዋ ሲከፋው ብቻውን የሚወጣባት ማማ፣
ለማማዋ ደረጃ፣ ለደረጃዋም ቁጥር፤
አንድም ሳልረሳ፣ አንድም ሳላስቀር።

ሰንበት ሲወጣ፣ ከሞሬ ኮረብታ በላይ ሦስት ኮከብ ሲታይ፣
ወረድን ወደ መጠለያው፣ ከሕንፃችን ሥር፣ አፉላ ላይ።
የብረት በሩ ለሁለት ሰው ከባድ፣
ሽታው የአሮጌ ፍራሽ፣ ወለሉ እንደ በረድ።

ግሌብ ጠንቋይ ነው፤ ድግምቱ ሲከሽፍ በሦስት ቋንቋ ይሳደባል።
ኤፍራት ባለ ጎራዴ፤ ሰላም ቢሏትም ጎራዴው ይመዘዛል።
ያየህ ሌባ ነው። በቀን ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል፤
ወለል ላይ የወደቀ ሳንቲም ካየ ባለቤቱን ይጠራል።
እኔ የቀረው ሁሉ ነኝ፦ ዝናቡ፣ ዘንዶው፣ ባለ ዕዳው፣
ከግድግዳ ጀርባ የሚያስለው ሰውዬ፣ በሩቅ የሚጮኸው ውሻው።

"ከተማዋ በር ላይ ደረሳችሁ" አልኩ፣ ድምፄን አውፍሬ።
"በሩ ላይ ማን አለ?" አለች ኤፍራት።
ማንም አልነበረም። በሦስት ወር ደብተሬ
ለአንድ ዘበኛ እንኳ ስም አላወጣሁለት።

"ዘበኛ አለ።" "ስሙስ?" "ስሙ… ቸኮል፤
ቁልፉን ለማግኘት ኪሱን ሲዳብስ የሚውል።"

አለቀ። አራት ሰዓት ሙሉ ከበሩ አላለፉም።
ያልጻፍኩትን ከአፌ እየነጠቁ፣ አንድም ነገር አልዘለሉም፦
ጉልበቱን ብርድ ሲሆን ያመዋል፤
ሚስቱ አኩርፋ ወንድሟ ቤት ከገባች ሁለት ክረምት አልፏል።
ግሌብ የቆጠበውን አስማት ሁሉ ለሪህ ማስታገሻ አዋለው፤
ያየህ ሊሰርቀው እጁን ሰዶ፣ ሁለት ወርቅ ጨምሮ መለሰው።
ኤፍራት ቀልድ ልትነግረው ዕጣ ጣለች፤
ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ከፍራሾቹ ሥር ገባ፣ ተንከባሎ ሸሽቶ፤
በስልክ መብራት ተንበርክከን አየነው፦ ሃያ!
ቸኮል ሳቀ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ድዱ እስኪታይ ተንከትክቶ።

ንጉሤ ማማው ላይ እንደከፋው አደረ።
ከተማዬን ማንም አላያት።

በመሃል አባቴ ወረደ፤ እንግዳ መጥቶበት ወንበር ሊወስድ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካርታዬ ላይ አጎነበሰ።
"ይህ ምንድን ነው?" "አገር ነው፣ አባ።" "የማን አገር?" "የኛ። የሌለ።"
ጣቱን በወንዙ ላይ አስኬደ፤ ቁልቁል ወረደ፤ ቆመ።

"ውሃ ሲወርድ ይገናኛል እንጂ አይከፈልም" አለ።
"ከተራራው አሥር ሆኖ ቢነሳ፣ ሜዳ ሲደርስ አንድ ነው።
ይሄን ለሁለት የሰነጠቀው ማነው?"
"እኔ።"
"አንቺ የምታውቂው ቧንቧ ነዋ!"
ወንበሩን አንጠልጥሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲስቅ ተሰማን።

እውነቱን ነው። ቂሶንን እንኳ የማውቀው ከባቡር መስኮት ነው።
በማግስቱ በላጲስ ዘጠኝ ወንዝ አቃናሁ፤
ወረቀቱ እስኪሳሳ ፍቄ እንደ ቃሉ አገናኘሁ።
አሥረኛውን ተውኩት።
አባቴ ልክ ነው። ግን ተውኩት።

ኤፍራት ነርስነት ልትማር ቤርሳቤህ ወረደች።
ግሌብን ሐይፋ ወደብ ቀጠሩት፤ የክሬን ፎቶ ላከልን፣ ቀጥሎም ምንም።
ያየህ የሌሊት ተረኛ ሆነ፤ ሰንበት ሲወጣ እሱ ይገባል።
ቀን እንቁረጥ ተባባልን። አልተቆረጠም።

ትናንት ብቻዬን ወረድኩ። ኒዮኑ ለመብራት አመነታ።
የደብተሬ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦
ጎራዴውን፣ የድግምት መጽሐፉንና የሌባውን ጓንት
ዘበኛው ዘንድ በአደራ አስቀምጠዋል።

ከሥሩ ቀኑን ጻፍኩ። ከቀኑ ሥር ደግሞ፦
ቸኮል በሩ ላይ ነው፤ ቁልፉን ይፈልጋል።
የግራ ኪሱን ጨርሷል።
የቀኙን ገና አልነካም።