የፊላ ዕዳ

ጎርጎራ ዳር ነበር፣ ልከድን ብል ቤቴን፣
ፊላ ሳጭድ ማጭዴ፣ ዞሮ በላው ጣቴን።

የታንኳ ሠሪው ሚስት፣ ዘሀራ ደረሰች፤
ከዚያው ከፊላው ራስ፣ ጥቂት ቀነጠሰች፣
ቢጫ ብናኝ አራግፋ፣ ቁስሌን አለበሰች።
«የቆረጥከው» አለች፣ «እሱው ነው ሐኪምህ፤
አፈር አታስነካው፣ እስኪረጋ ደምህ።»

ግንዱን ነቅላ ልጣ፣ ነጭ ልቡን ሰጠችኝ፤
«ምን ታያለህ? ብላ!» ብላ ተቆጣችኝ።
አገዳም አይደለ፣ ዱባም አይደል ጣሙ፤
ዝናብ እንደማኘክ…
ተረሳኝ ሕመሙ።

ዛሬ ረግረጉ ላይ፣ ሽምብራ ተዘርቷል፤
ዘሀራ ከሄደች፣ ስንት ክረምት መጥቷል።
ቤቴም ቆርቆሮ ነው፤ ሰማይ ሲያጉረመርም
ይበላኛል ጣቴ።
«ፊላው የታለ?» ይላል። መልስ ግን የለኝም።